ሙሴም ሞቶ ነበር

በሥራ የምንተዋወቅ አንዲት እህት ሰሞኑን እናቷን ቀበረች። ቀብሩ ፋርታ ውስጥ፣ ከጉና ግርጌ ባለች የገጠር ደብር ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ካልኳት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ያሰብኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ማልቀስ የእምነት ማነስ አይደለም። ዳሱ ውስጥ «በቃሽ፣ እግዜርን ታስቀይሚያለሽ» የሚሏት ነበሩ። በቅንነት ነው፤ እሷ ግን የእናቷን ነጠላ አጣጥፋ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች አንገቷን ደፋች። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ቢታንያ ላይ አልቅሷል። እሱ ካለቀሰ እናቷን ያጣች ልጅ እንባዋን ለምን ትዋጥ? ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የከለከላቸው ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን ነው እንጂ ሐዘንን አይደለም።

ተስፋው ታዲያ የቱ ነው? ለእኛ ለደብረ ታቦር ልጆች ሩቅ አይደለም፤ ከተማችን በስሙ የምትጠራበት ተራራ ላይ አለ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ችቦው፣ ሙልሙሉ፣ የጅራፉ ጩኸትና ሆያ ሆዬው ልባችንን ይወስደውና አንድ ነገር ሳናስተውል እናልፋለን። ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ አጠገቡ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ኤልያስ ሞትን ሳይቀምስ ያረገ ነው። ሙሴ ግን ሞቷል። ሞዓብ ምድር ተቀብሯል፤ እስራኤልም 30 ቀን አልቅሰውለታል። ያ የተለቀሰለት ሰው ነው ታቦር ላይ ቆሞ ከጌታው ጋር የሚነጋገረው፤ ሙሴነቱ አልጠፋም፣ ስሙም አልተለወጠም። አባቶቻችን ሙሴን ከሙታን፣ ኤልያስን ከሕያዋን ያመጣቸው የሁለቱም አምላክ መሆኑን ሊያስረዳ ነው ብለው ያስተምራሉ። ሉቃስ ደግሞ የተነጋገሩት ስለ ምን እንደነበር ጽፎልናል፤ ጌታ ኢየሩሳሌም ላይ ስለሚሞተው ሞት ነበር። በዚያ ሁሉ ክብር መካከል ሞት ይነሣል፣ ማንም አልሸሸውም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጽናናኝ ይህ ነው፤ ተስፋችን ሞትን ስሙን ጠርቶ የሚያልፍ ተስፋ ነው።

ፍትሐቱ ሲጀመር ካህኑ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤቱ ሁሉ በሌላ ስም ነበር የሚያውቃት፤ ተያየን። ልጇ ቀና ብላ ተናገረች፣ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። እናቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላት ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻት በዚያ ስም፣ የሸኘቻትም በዚያው ስም ነው። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቷም የሚጠራው እሱ ነው። ተዝካርን ብዙ ጊዜ ከድግሱ ወጪ ጋር አያይዘን እናማርራለን፤ ለዚያም ምክንያት አለን፣ ተበድሮ መደገስ ግዴታ አይደለም። ጸሎቱና ለድሃ የሚሰጠው ቁራሽ ግን የሞተው ሰው እግዚአብሔር ፊት አለ ብለን ስለምናምን የምናደርገው ነው። የሌለ ሰው አይጸለይለትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሣልስት አልፎ ዳሱ ሲፈርስ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ሲመለስ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ሂዱ። ሌላ ወሬ አንሥታችሁ ልታስረሷቸው አትሞክሩ፤ ስለ ሟቹ ጠይቁ፣ ያውሯችሁ። ስትወጡ የክርስትና ስሙን ጠይቃችሁ ያዙና በምትጸልዩበት ሁሉ አንሡት።