በበዓሉ ሌሊት ሕመምተኛውን ማን ይጠብቀው?

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጕዕ ተብሎ መጠራቱን ምእመናን ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል፣ በዮሐንስ ምዕራፍ 5 የተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው መዳን ይፈልግ እንደሆነ በጌታ በተጠየቀ ጊዜ ያነሣው አቤቱታ ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለ መድኃኒትም አልነበረም። ውሃው በተናወጠ ጊዜ ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር የተናገረው። ከዚያ ሰንበት እስከ ትንሣኤ አምስት ሳምንታት አሉ። እኛም በዚህ የበዓል ገጽ ስለ ዶሮና ስለ ዳቦ ከመጻፍ ይልቅ ስለዚያ ሰው አቤቱታ ልንጽፍ ወደድን። ለዚህም የጋምቤላን ምድር መረጥን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ቆላ ከተማ ናት። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መነሻነት የንግድ ጣቢያ ስትሆን፣ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ቡና ይጭኑባት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአኙዋው፣ ከኑዌሩ፣ ከመዠንግሩ፣ ከኦፖውና ከኮሞው ጋር የሚኖር፣ ዘመዶቹን ሩቅ አገር ትቶ የመጣ ሰው አላጣችም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐድያ የመጡት ሠፋሪዎች፣ በየጊዜው የሚመደቡት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወደ ዲማ የሚወርዱት ወርቅ ቆፋሪዎች፣ በየእርሻው የሚውሉት የቀን ሠራተኞች ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አላቸው፤ ሲታመሙ እናት ቅርብ አይደለችም።

የአገሬው ልማድ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ከጂካዎ ወይም ከኢታንግ በኩል አንድ ሕመምተኛ ወደ ከተማ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። አክስት፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ ምንጣፍና ድስት ይዘው ይከተሉታል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያድራሉ፤ የበቆሎውን ገንፎ እዚያው አብስለው ያበሉታል። ብር አውጥተው የገዙለት ነገር ጥቂት ነው። ያመጡለት ራሳቸውን ነው። ከደጋ የመጣው ብቸኛ ሠራተኛ ግን በኪራይ ቤቱ በሩን ዘግቶ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ያድራል፤ ጎረቤት የሚሰማው በሦስተኛው ቀን ነው።

በወባ አገር ሦስት ቀን ረጅም ጊዜ ነው። የትንሣኤ ሰሞን በጋምቤላ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ አንዳንድ ቀን ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምረው ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ያፈላልጋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያዘጋጃል። ዳማ ከሴውን አንነቅፍም፤ የእናት ቤት ሽታ አለውና ያጽናናል። ነገር ግን ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ቶሎ ካልታከመ አንጎል ድረስ ደርሶ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል በመሆኑ፣ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ማስመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ለታመመ ጎረቤት የምናደርገው የመጀመሪያው ርኅራኄ በሩን ማንኳኳትና እጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ሰውየው ከቀባዠረ፣ ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን መነሣት ነው።

መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ የአስታማሚው ሥራ ይጀምራል። ኮአርተም በሚል ስም የታወቀው የወባ መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ፣ የቀሩት ጠዋትና ማታ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት የቀረውን ፍሬ ለሌላ ጊዜ ብሎ ያስቀምጣል። ሕመሙም ተመልሶ ይመጣል። አጠገቡ ሰዓት የሚቆጥርለት ሰው ካለ ግን ስድስቱም በወቅቱ ይዋጣሉ። ወዲያው ካስመለሰውም ዝም ማለት አይገባም፤ ባለሙያውን ጠይቆ መድገም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የምእመናን ቤት የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። በሁዳዴ የታመመ ሰው ግን ባዶ ሆዱን ወይም በጥቁር ሻይ ሊውጠው ይሻል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመም የጸናበትን ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ማድረጓ በፍትሐ ነገሥትም የታወቀ ነው። ሆኖም ሕመምተኛው በገዛ እጁ ጾሙን የፈታ መስሎት ኅሊናው እንዳይወቅሰው የንስሐ አባቱ ቃል ያስፈልገዋል። የንስሐ አባቱ ደሴ ወይም ሆሳዕና ቢሆኑ እንኳ ስልክ ደውሎ ማገናኘት ቀላል ነው፤ ከአባ አንደበት የሚሰማት አንዲት ቃል ከብዙ ምክራችን ትበልጣለች። ይህም ሆኖ ጾሜን አልፈታም የሚል ቢኖር በሙግት አናድክመው። በጋምቤላ ገበያ ለውዝ አይጠፋም፤ የተፈጨ ለውዝ በቀጭን ገንፎ ላይ አድርጎ ማብላት ወይም አቮካዶ ማቅረብ ለመድኃኒቱ የሚያስፈልገውን ቅባት ያስገኛል። ጾሙ ከተፈታ በኋላማ አንድ ብርጭቆ ወተት ይበቃል።

ሌላው የሚያስታምም ሰው የሚፈተንበት ጋቢው ነው። ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ ጋቢ እንደርብለታለን፤ ብርዱ አልፎ ሰውነቱ መንደድ ሲጀምርም ጋቢውን ሳናነሣለት እንቀራለን። በጋምቤላ ሙቀት ይህ እንደ ቅጣት ነው። ትኩሳቱ ሲነሣ ልብሱን ማቅለል፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በግንባሩ፣ በብብቱና በክንዱ ላይ ማሳለፍ፣ በስፌት ማራገቢያ ማራገብ ይገባል። በረዶ ውሃ መድፋት መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። ቀን ቀን ከቆርቆሮው ቤት አውጥቶ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ማስተኛት ዋጋ የማይጠየቅበት እፎይታ ነው። ሲመሽ ግን አጎበር ውስጥ ይግባ። አጎበር የጤነኛ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት አለ፤ በሽተኛውን የነከሰች ትንኝ ግን ወባውን ተሸክማ ወደ ልጆቹ እንደምትሄድ መዘንጋት የለበትም።

ውሃ ማጠጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚተኩስ ሰው አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ አይጠጣም፤ በየጥቂቱ፣ በማንኪያም ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ ማቅረብ ነው። የባሮ ውሃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም ለሕመምተኛ አይሰጥም። በ2017 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑት ወረዳዎች ኮሌራ ተነሥቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ተቅማጥ ላለበት ሰው በከረጢት የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠጣ ነው። ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ማብዛት ግን ጉዳት አለው።

ሁሉም ሕመም እንደ ወባ በሦስት ቀን የሚያልፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው የጋምቤላ ነዋሪዎች 4.8 በመቶው ኤች አይ ቪ በደማቸው ነበረ፤ በሀገር አቀፍ ደረጃ ግን 0.9 በመቶ ነበር። ለእነዚህ ወገኖች የሚያስፈልገው አስታማሚ ዕድሜ ልክ ከመድኃኒታቸው ጋር የሚያስታርቃቸው ነው። ከመካከላቸው ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን የሚያቋርጡ ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች በመሆናቸው እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። ይህን ቃል ለሕመምተኛው በለሆሳስ ማስታወስ፣ ጸበል ሲሄድም መድኃኒቱን በጓዙ ውስጥ ማስገባት የቤተሰብ ድርሻ ነው። ለጸና ሕመም ካህናት ጸሎት አድርሰው ዘይት የሚቀቡበት ምሥጢረ ቀንዲልም እንዳለ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ካህን የሚጠራው ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ነው የሚል የተሳሳተ ፍርሃት አለና።

ስለ ጠያቂ ጥቂት እንበል። ጌታ በፍርድ ቀን ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሕሙማንን መጠየቅ መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል ተምረናል። እንዴት እንደሚጠየቅ ግን እያንዳንዳችን እንደመሰለን እናደርጋለን። ዐሥር ሆነን ጠባብ ክፍል ውስጥ እንገባለን፤ የአየሩን መውጫ በትከሻችን ዘግተን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን፤ በዚህ ሕመም ባለፈው ዓመት ስለሞተው ሰውም እናወራለን። ታማሚው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ ልቡ ግን ከትራሱ ሥር ገብቷል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ብርቱካንና አምቦ ውሃ ገዝቶ መሄድ ደግ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ግን በባዶ እጄ እንዴት እሄዳለሁ ብሎ መቅረት የለበትም። አንሶላውን ወስዶ አጥቦ መመለስ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ መቅዳት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠችውን ሚስቱን ሂጂና ተኚ ማለት ከብርቱካኑ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ጤናማ የሆነና ዕድሜው የፈቀደለት ደግሞ ደም ይለግስ። ወባ ደሙን ላሟጠጠበት ሕፃን ከዚህ የሚልቅ ስጦታ የለም፤ በገበያም አይገኝም።

ዕድሮቻችንስ? ሰው ሲሞት ድንኳን በአንድ ሰዓት ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡ ሳይጠየቅ ይመጣል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ወደ መቱ ወይም ወደ ጅማ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሲላክ ግን የአስታማሚው የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ጠፍቶ በር በር ይዞራል። ለቀብሩ የተመደበለትን ገንዘብ ከመሞቱ በፊት ጥቂቱን ቢያገኘው ቀብሩ ይዘገይ ነበር። በሀገራችን አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለሕመምተኛ አባል ብድር ወይም ድጎማ መስጠት ጀምረዋል። በየወሩ የሚሰበሰቡ የጽዋ ማኅበራት ደግሞ ዳኛ መምረጥ ሳያስፈልጋቸው ተራ አውጥተው ማስታመም ይችላሉ፤ ሰባት ሰው ካለ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ሌሊት ነው የሚደርሰው።

ይህም ወደ ትንሣኤ ሌሊት ያመጣናል። በዚያች ሌሊት ቤተሰብ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሕመምተኛው ሂዱ፣ እኔ ደህና ነኝ ይላል፤ ይህን የሚለው ግን በዓሉን እንዳያሳጣቸው ነው። አንድ ሰው ይቅር። ማን እንደሚቀር በሰሙነ ሕማማት አስቀድሞ መወሰን ይገባል፤ አለዚያ በየዓመቱ የምትቀረው ያችው ታላቅ ልጅ ትሆናለች። ቅዳሴው በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮ መስማት ይቻላል፤ የማታው መድኃኒትም ሰዓቱን ሳያልፍ ይሰጣል።

ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ጾሙ ይፈታል። 55 ቀን ያረፈውን የጤነኛ ሆድ እንኳ አስቀድመን በተልባ የምናለሳልስ ሰዎች፣ ከትኩሳት ላገገመው ሰው በበርበሬና በቅቤ የቀላ ዶሮ ወጥ ማቅረብ የለብንም። የእርሱ ድርሻ በርበሬ ያልነካው የዶሮ ወይም የባሮ ዓሣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የበሰለ እንቁላል ነው። ምግቡ የተለየ ቢሆንም ከማዕዱ ርቆ አይብላ፤ አልጋው ወደ ማዕዱ ይጠጋ፣ ወይም ማዕዱ ወደ አልጋው። በጓሮ ለብቻው የሚኖረው ተከራይም ከታመመ በዚያው ሾርባ አንድ ሳህን ይጨመርለት። ሌሊቱን የጠበቀው ሰው በልቶ ይተኛ፤ የሰኞን ሌሊት ተራ የሚይዘው ማን እንደሆነም እሑድ ሳይመሽ መነጋገር ያስፈልጋል።