«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፦ ለቡችላ የሚቀድመው መድን ነው ወይስ ክትባት?

በጉና ተራራ ዙሪያ በሚገኙት የጋይንትና የእስቴ ደጋዎችም ሆነ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ስማዳ ውሻ የቤቱ የሌሊት ዘብ ነው። በጎችን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል፤ የደረሰ ሰብልን ከዝንጀሮ ያስጥላል። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ከተሞች ደግሞ የግቢና የሱቅ ጠባቂ ነው። ይህን ያህል አገልግሎት የሚሰጥ እንስሳ ገና በቡችላነቱ ምን ዓይነት ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል? በሌሎች አገራት ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት ምላሾች አንዱ የውሻ መድን ነው። ይህ አሠራር ለአካባቢያችን ነዋሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

የውሻ መድን ምንድን ነው?

የውሻ መድን በስዊድን የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ሲሆን፣ ዛሬ በዚያች አገር አብዛኞቹ ውሾች መድን አላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። የውሻው ባለቤት በየወሩ ወይም በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል። ውሻው ሲታመም ወይም አደጋ ሲደርስበት መድን ሰጪው የሕክምናውን ወጪ በውሉ መሠረት ይሸፍናል፤ ባለቤቱም ከወጪው የተወሰነውን ድርሻ ራሱ ይከፍላል።

መድን ሰጪዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለነበረ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ካሳ አይከፍሉም። ባለቤቶች ውሻቸው ገና ጤነኛ ቡችላ ሳለ መድን እንዲገቡ የሚመከሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚያ አገራት የእንስሳት ቀዶ ሕክምናና የሆስፒታል ወጪ እጅግ ውድ በመሆኑ ስሌቱ ለብዙዎች ያዋጣል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ቡችላ በአብዛኛው ከጎረቤት በነጻ ይገኛል፤ በገበያ የወጣ ዋጋ የለውም። ለውሻ ውድ ሕክምና የሚከፍል ቤተሰብም ጥቂት ነው። ስለዚህ መድኑ የሚሸፍነው ወጪ ራሱ ትንሽ ነው። ትልቁ ስጋት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ካሳ የማይመልሰው ጉዳት

ያ ስጋት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ገዳይ ነው። በበሽታው የተያዘ ውሻ በሬውን፣ ላሟን ወይም አህያውን ቢነክስም እንስሳቱ በዚያው በሽታ ይሞታሉ።

መድን የሚከፍለው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ክትባት ግን ጉዳቱ እንዳይደርስ ይከላከላል። በእብድ ውሻ በሽታ ረገድ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው፤ ለሞተ ልጅ የሚከፈል ካሳ የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ክትባት ያገኛል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚነግረው ጊዜ፣ በአብዛኛው በየዓመቱ፣ ይደገምለታል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት ከገበያ በዘፈቀደ የሚገዛ አይደለም። በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በኩል ማስከተብና የተከተበበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶዎቹ ከተከተቡ የበሽታው ሥርጭት ይገታል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከማስከተብ ይልቅ የጎጡ ሰው ተነጋግሮ ውሾቹን በአንድ ቀን ቢያስከትብ ጥቅሙ የጋራ ይሆናል።

ውሻው ሰው ቢነክስ

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊታይ ስለሚችል ቁስሉ ድኗል ብሎ መዘናጋት አይገባም። ፀበል የሚጠመቅም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጤና ተቋሙን ክትባት መተው ወይም ማዘግየት የለበትም። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ወዲያው ከመግደል ይልቅ በጥንቃቄ ታስሮ ለ10 ቀናት ቢጠበቅ ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳል።

ጉዳዩ ሕጋዊ ኃላፊነትም አለበት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ባይችልም ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ውሻን ቀን ቀን ማሰርና ማስከተብ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም መከላከያ ነው።

መድን ለየትኛው እንስሳ ያስፈልጋል?

ይህ ሲባል መድን አይጠቅምም ማለት አይደለም። መድን ተገቢ የሚሆነው ቤተሰቡ በራሱ አቅም ሊተካው ለማይችለው ሀብት ነው፤ ለአርሶ አደሩ ይህ ሀብት የእርሻ በሬውና የወተት ላሙ ነው። ለምሳሌ በሬው 60 ሺህ ብር ቢያወጣና የዓመት አረቦኑ ከመቶ 5 ቢሆን ክፍያው 3 ሺህ ብር ይሆናል። ዋናው ጥያቄ 3 ሺህ ብሩ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚለው አይደለም፤ በሬው ነገ ቢሞት ቤቱ የዘንድሮውን እርሻ በምን ያርሳል የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ለአርሶና አርብቶ አደሩ የተሞከሩት መድኖች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በትግራይ የተጀመረውና በኋላ ወደ አማራ ክልል የሰፋው መድን የዝናብ እጥረትን መሠረት ያደረገ ነው። በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን ደግሞ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ይከፍላል። እነዚህ ድርቅን እንጂ አንድ በሬ በበሽታ ወይም ገደል ገብቶ መሞቱን አይሸፍኑም። ስለዚህ ማንኛውንም የመድን ውል ከመፈረም በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል፦

• ውሉ የሚሸፍነው የትኛውን ጉዳት ነው? የማይሸፍነውስ?
• የእንስሳው ዋጋ የሚተመነው በማንና እንዴት ነው?
• እንስሳው ሲሞት በስንት ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል? የሐኪም ማስረጃስ ከየት ይገኛል?
• ካሳው በምን ያህል ጊዜ ይከፈላል?

እነዚህን በጽሑፍ የማያስረዳ መድን ሰጪ ካጋጠመ መፈረም አይገባም።

እንግዲህ የቤተሰቡ ገንዘብ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ቡችላው ይከተብ፤ ቀጥሎ ለበሬውና ለላሟ መድን ከተገኘ ውሉ ተነብቦ ይገባ። የውሻ መድን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው።