«መርፌው ልጄን ጎዳው! ካሳውን ከማን ልጠይቅ?»

እናንተዬ፣ እረፍት ብዬ በሄድኩበት የቤት ሥራ ይዤ ተመለስኩላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ አክስቴ ጋ ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ፣ እጣኑ ጨሶ፣ በበሩ በኩል ውሃውን እያየን ጨዋታ ይዘናል። የአክስቴ ልጅ ግን የ4 ወር ልጇን ታቅፋ ዝም ብላለች።

«እህትሽ ልጅቷን ሁለተኛ አላስከትብም ብላለች። እስቲ ምከሪያት፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች አክስቴ።

እኔ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል! ቢሆንም ጠየቅኳት።

«እታለም፣ ባለፈው ስትወጋ ጭኗ አብጦ መግል ቋጠረ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለም። ተቀዶላት ነው የዳነች። አባቷ እንክሰስ ይላል። ለመድኃኒት የተበደርነውን የሚከፍለን አለ ወይ?»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ስመለስ አንዲት ነርስ ጓደኛዬንና አንድ ጠበቃ አስቸገርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዛሬ ላጤ ብትሆኑም ነገ ወላጅ ናችሁና!

የቱ ያስፈራል? የቱስ አያስፈራም?

ልጅ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ሲከተብ ትኩሳት፣ ማልቀስና የተወጋው ቦታ ማበጥ የተለመደ ነው። ባብዛኛው በ2 ወይም በ3 ቀን ይለቃል። ሲወለድ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ክንድ ላይ ቆስሎ ጠባሳ መተዉም ያለ ነው። ቅቤም ቡናም አትቀቡት፣ አታፍርጡት። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል።

መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ማበጥ፣ ራስን መሳት ከታየ ግን ደቂቃ አታባክኑ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ክፉ አለርጂ የሚደርሰው ከሚሊዮን ክትባት በአንዱ ገደማ ነው። ግን ያቺ አንዷ የእኔ ልጅ ብትሆንስ? ለእናት ቁጥር አያጽናናትም።

መግል ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክትባቱ ሳይሆን ከንጽሕና ጉድለት ነው። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2017 (እ.ኤ.አ.) 15 ሕጻናት የሞቱት የኩፍኝ ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ውጪ ለቀናት ከርሞ፣ አንድ ሲሪንጅም ደጋግመው ተጠቅመውበት ነው። ክትባቱን የገደለው ያዡ ነበር ማለት ነው!

ካሳውስ?

ምዕራብ ጀርመን በ1961፣ እንግሊዝ በ1979፣ አሜሪካ በ1986 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በክትባት ለተጎዳ የሚከፈልበትን ሕግ አውጥተዋል። አሜሪካ ገንዘቡን የምታገኘው ከክትባቱ ላይ ከሚሰበሰብ ቀረጥ ሲሆን ተጎጂው «ጥፋተኛው እገሌ ነው» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ የሚከተበው ለራሱም ለጎረቤትም ነው፤ ከተጎዳ ጎረቤትም ይካፈል።

በእኛ አገር ለሕጻናት ክትባት ጉዳት ተብሎ የተቋቋመ የካሳ ፈንድ የለም። ያለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ጥፋቱ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ያደረሰው ከሆነ በአንቀጽ 2126 መንግሥትም ይጠየቃል። ጠበቃው ግን እንዲህ አለኝ፦ «ማስረጃ ከሌለ ክሱ ወሬ ነው። ደግሞ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው።»

እንግዲያው ምን ይደረግ?

1. የክትባት ካርዱን አትጣሉ። የተከተበበትን ቀንና ቦታ ይናገራል።
2. ጉዳት ሲታይ የከተበውን ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩ፣ እንዲመዘግብም ጠይቁ። ሪፖርቱ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ መድረስ አለበት።
3. የሕክምና ወረቀትና ደረሰኝ በአንድ ፌስታል አስቀምጡ።
4. ሲሪንጁ ከነማሸጊያው ፊት ለፊታችሁ ሲከፈት እዩ። ነውር የለውም!
5. በአንዱ ተናዳችሁ ቀሪውን አታስቀሩ። ኩፍኝና ትክትክ የእናንተን ኩርፊያ አያውቁም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ሲሪንጁን ራሴ አይቼ» አለች። ባለፈው ሰኞ ደወለች። ልጅቷን አስከትባለች፣ የጭኗንም ነገር አስመዝግባለች። ትኩሳቱ ባንድ ሌሊት ለቋል።

«ብድሩስ?» አልኳት።

«እሱማ አለ» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ልጇን ሳታስቀር ይዛ ለምትመጣ እናት፣ የተጎዳች ዕለት ደጇን የሚያንኳኳ ሰው ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ቸር እንሰንብት።