የሴቶች የወገብ ሕመም በጥንታዊው የህንድ ሕክምና ዓይን



ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ወይ ወገቤ!» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚሉት እህቶቻችን ናቸው። አንዳንዶቻችን ስንሰማ እንስቃለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ «የሴት ነገር ነው፣ ያልፋል» ብለን እንተወዋለን። ነገሩ ግን የሚሳቅበት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ። ሰውን ከሥራ የሚያውል ሕመም ተቆጥሮ በአንደኛነት የተገኘውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሕመም ከዘመናዊው ሕክምና በፊት ብዙ የተናገሩ አሉ። ከእነዚህም አንዱ አዩርቬዳ የተባለው የህንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። እኛም አዩርቬዳ የሴቶችን ወገብ የሚያሳምመው ምንድን ነው እንደሚል፣ ከዛሬው ሳይንስ ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አዩርቬዳ ምንድን ነው?

ቃሉ የሳንስክሪት ነው። «አዩስ» ሕይወት፣ «ቬዳ» ደግሞ ዕውቀት ማለት ሲሆን፣ አንድ ላይ «የሕይወት ዕውቀት» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ከታወቁት መጻሕፍቱ መካከል «ቻራካ ሳምሂታ» እና «ሱሽሩታ ሳምሂታ» ይገኙባቸዋል። ሕክምናው የታሪክ ነገር ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬም በህንድ በመንግሥት የታወቀ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ በኮሌጅ ለዓመታት ተምረው ይመረቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014ም አዩርቬዳንና ሌሎች ባህላዊ ሕክምናዎችን የሚመራ ሚኒስቴር ተቋቁሟል።

በአዩርቬዳ ትምህርት የሰውን አካል ሦስት ኃይሎች ያስተዳድሩታል። አንደኛው ቫታ ነው፤ ባሕርዩ እንደ ነፋስ ደረቅ፣ ቀላል፣ ቀዝቃዛና ተንቀሳቃሽ ነው። ሁለተኛው ፒታ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ እሳት ይሞቃል፣ ምግብ ይፈጫል። ሦስተኛው ካፋ ነው (የቡና አገር ከሆነው ከከፋ ጋር ግንኙነት የለውም)፤ ከባድ፣ እርጥብና የረጋ ነው። ሦስቱ ሲመጣጠኑ ጤና፣ ሲዛቡ ደዌ ይሆናል ይባላል።

ሕመም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ቫታ ነው። ቻራካ ሳምሂታ የቫታን በሽታዎች 80፣ የፒታን 40፣ የካፋን ደግሞ 20 አድርጎ ይቆጥራል። የቫታ መኖሪያ ናቸው ከሚባሉትም ውስጥ ትልቁ አንጀት፣ ወገብ፣ ጭንና አጥንት ይገኙበታል። እንግዲህ ነፋሱ ቤቱ ወገብ ከሆነ፣ በተናደደ ጊዜ መጀመሪያ የሚመታው ቤቱን ነው ማለት ነው። የእኛም እናቶች ወገባቸው ሲቆረጥማቸው «ብርድ ገብቶኝ ነው» ይላሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ተማክረው አይደለም፤ ሕመሙ በብርድ ጊዜ እንደሚጠና ሁለቱም በየቤታቸው አስተውለው እንጂ።

ቫታን የሚያስቆጡት ነገሮች

1ኛ/ ድካምና የምግብ ማነስ። አብዝቶ መጾም፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ምግብ ማዘውተር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከአቅም በላይ መሥራት ቫታን ያበዛሉ ይላሉ። ከማንም ቀድማ ተነሥታ፣ ከማንም ኋላ የምትተኛው፣ ምግቡንም ሌላው ከበላ በኋላ የምትቀምሰው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

2ኛ/ ከባድ ሸክምና አቀማመጥ። ከአቅም በላይ መሸከም፣ በድንገት መጠምዘዝ፣ ጎብጦ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ወገብን ይጎዳል። በዚህ ላይ ዘመናዊው ሳይንስም ይስማማል። ጡንቻና ጅማት ይወጠራሉ፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮችም ጫና ይበዛባቸዋል። ውኃ በጀርባ፣ እንጨት በጀርባ፣ ልጅም በጀርባ በሚታዘልበት አገር ይህንን ማብራራት አያሻም።

3ኛ/ የወር አበባ። አዩርቬዳ ቫታን ለአምስት ይከፍለዋል። ከእነዚህ አንዱ አፓና ይባላል፤ ወደ ታች የሚወርደውን ሁሉ፣ ማለትም ሽንትን፣ ዓይነ ምድርን፣ የወር አበባንና ወሊድን የሚያዝ ነው። የአፓና መንገድ ሲታወክ የወር አበባው በሕመም ይመጣል፣ ወገብም ይቆረጥማል ይባላል። ዘመናዊው ማብራሪያ ከዚህ የተለየ ነው። ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ማሕፀንን ያኮማትሩታል፤ ሕመሙም ወደ ወገብ ይሠራጫል። ሕመሙ ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ግን ከማሕፀን በሽታ ሊመጣ ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

4ኛ/ እርግዝናና ወሊድ። ፅንሱ ሲያድግ የእናቲቱ ሚዛን ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወገቧም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሪላክሲን የሚባል ሆርሞንም የዳሌን ጅማቶች ያላላል። አዩርቬዳ በበኩሉ ከወሊድ በኋላ ሆዷ ባዶ ስለሚሆን ነፋሱ ይገባል ይላል። ስለዚህ አራሷ በዘይት ትታሻለች፣ ሆዷ በጨርቅ ይታሰራል፣ ሙቅ ምግብም ይሰጣታል። ገንፎ በቅቤ የበላችና ወገቧን በመቀነት የታሰረች የአገራችን አራስ ይህን ብትሰማ «የኛው ነው እንዴ?» ማለቷ አይቀርም።

5ኛ/ ዕድሜ። በአዩርቬዳ እርጅና የቫታ ዘመን ነው፤ ቫታ ሲበዛ አጥንት ይመነምናል ይባላል። ዛሬ እንደሚታወቀው የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያንሳል፣ አጥንትም ይሳሳል። አንዳንድ ጊዜ የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ ተሰንጥቆ ይገኛል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ያዩት ነገር አንድ ነው።

6ኛ/ የተፈጥሮን ጥሪ ማፈን። ይህን ሆን ብለን ወደ መጨረሻ ያመጣነው ነው። ቻራካ ሳምሂታ ሰው ሊያፍናቸው የማይገባ 13 የተፈጥሮ ጥሪዎችን ይዘረዝራል። ረኃብ፣ ጥም፣ እንቅልፍ፣ እንባ፣ ማዛጋትና ማስነጠስ አሉበት፤ ሽንትና ዓይነ ምድርም አሉበት። ሽንቱን የሚያፍን ሰው ፊኛውን እንደሚያመው፣ ራሱን እንደሚፈልጠው፣ ከሕመሙም የተነሣ እንደሚጎብጥ ያ ጥንታዊ መጽሐፍ ይናገራል።

እስቲ ወደ ክፍላችን እንመለስ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ መውጣት ስትጠይቅ «ደወል ሲደወል ትወጫለሽ» ትባል ነበር። ክፍሉ ይስቃል። ልጅቷም በማግስቱ አትጠይቅም፤ ይልቁንም ጠዋት ውኃ ሳትጠጣ መምጣት ትጀምራለች። ከሳቁት መካከል እኛም ነበርን። ዘመናዊው ሕክምና እንደሚያስረዳው የሴት የሽንት መተላለፊያ አጭር ስለሆነ ተሐዋስያን በቀላሉ ይገቡበታል፤ ውኃ ማነስና ሽንትን አዘውትሮ መቋጠርም ለዚህ ያግዛሉ። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ ከትኩሳት ጋር ጎንንና ጀርባን ያማል። ልጅቷ «ወገቤን» ስትል ታዲያ ማን ነው ያሳመማት? ነፋስ ነው ወይስ እኛ?

ስለ መድኃኒቱስ?

አዩርቬዳ ለቫታ የሚያዝዘው የነፋስን ተቃራኒ ነው፤ የሰሊጥ ዘይት እሽታ፣ ሙቀት፣ ሙቅና ቅባት ያለው ምግብ፣ ዕረፍት፣ እንዲሁም ባስቲ የሚባል በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት። ሙቀትና እሽታ ለጊዜው እንደሚያስታግሱ በእጅ የሚታይ ነው። ከዚያው ከህንድ የመጣው ዮጋም የቆየ የወገብ ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቃልል በጥናት ታይቷል። ቫታ፣ ፒታና ካፋ የተባሉትን ግን በላቦራቶሪ ለክቶ ያገኛቸው የለም። ጥንታውያኑ የታዘቡት ትልቅ ነው፤ ማብራሪያቸውን ግን እንደ ፊዚክስ ሕግ አድርገን ለተማሪ ልናስተምረው አይገባም።

«የተፈጥሮ መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም አባባል አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን መርምሮ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ምንነቱን የማታውቀውን ዱቄት መዋጥ የለባትም።

አብዛኛው የወገብ ሕመም በእንቅስቃሴና በጊዜ ይሻላል፤ ለብዙ ቀን አልጋ ላይ መዋል ግን ያብሰዋል። የሚከተሉት ሲታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፦

ሀ) እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲዝል፤
ለ) ሽንት ወይም ዓይነ ምድር አልቆጣጠር ሲል፤
ሐ) ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲኖር፤
መ) ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ሲመጣ፤
ሠ) በእርግዝና ላይ ደም ሲታይ ወይም ሕመሙ መጣሁ ሄድሁ ሲል።

በመጨረሻ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እህቶቻችን ግን ሕመማቸውን የሚደብቁት ወደው አይደለም፤ ሲናገሩ ስለምንስቅ ነው። ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ስንገባ ሕክምና ልንሰጥ አንችልም፤ ሐኪሞች አይደለንምና። ሆኖም በእጃችን ያለ ነገር አለ። ልጅቷ እጇን ስታነሣ «ውጪ» ማለት እንችላለን። የሳቀውን ዝም ማሰኘት፣ ሸክሙን ለወንዱም ለሴቱም ማካፈል፣ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠውን ክፍል «እስቲ ተነሡ፣ ተንጠራሩ» ማለት እንችላለን። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ «ወይ ወገቤ!» ሲባል ብንሰማ፣ ከመሳቃችን በፊት «ምን ሆንሽ?» ብለን እንጠይቅ።