ኩይሳ ማቀዝቀዣ አይደለም

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው «ሐራሬ ላይ የምስጥ ኩይሳ አይተው የሠሩት፣ መብራት የማይፈልግ፣ ራሱን በራሱ የሚያቀዘቅዝ ሕንፃ» ሲል ሰማሁ። ይህች ወሬ ስንት ዓመቷ! ዞራ ዞራ ትመጣለች።

ሕንፃው አለ። ኢስትጌት ይባላል፤ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። ግን መብራት ይፈልጋል። የሌሊቱን ብርድ በየወለሉ ሥር የሚነዱት ማራገቢያዎች ናቸው፤ ኮንክሪቱ ሌሊት ቀዝቅዞ ያድርና ቀን ሙቀቱን ይመጥጣል። ጅቡቲ ወስዳችሁ ብትተክሉትስ? ሌሊቱም ወበቅ ነው፤ በምን ይቀዘቅዛል?

ትልቁ ስህተት ያለው ግን ምስጡ ላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ማርቲን ሉሸር ከምስጡ ጎጆ የሚነሳው ሙቀት አየሩን እያዞረ ያበርደዋል ብሎ ነበር፤ ዓለምም ተቀበለው። ኋላ ሌላ ተመራማሪ፣ ስኮት ተርነር፣ ናሚቢያ ላይ ሲለካ የጎጆው ሙቀት የዙሪያውን አፈር ተከትሎ ከወቅት ወቅት ሲወጣና ሲወርድ አገኘው። ታዲያ ያ ሁሉ ጭቃ ለምን ተቆለለ? ለመተንፈስ! ከሥር ያለው እልፍ አእላፍ ምስጥና የሚያለማው እንጉዳይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታሉ። ኩይሳው ሳንባቸው ነው። ግድግዳው ደረቅ ይምሰል እንጂ እንስራ እንደሚያልበው ሁሉ ጋዝ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሕንድ ኩይሳዎች ጥናት ደግሞ ግሩም ነገር አሳየ፦ ፀሐይ ስትወጣ ስስ የሆኑት የውጭ ሸንተረሮች ቀድመው ይሞቃሉ፣ አየሩ በእነሱ ወጥቶ በመሐሉ ይወርዳል፤ ሲመሽ ጠርዙ ቀድሞ ይበርድና ጉዞው ይገለበጣል። ቀን ተጠራቅሞ የዋለው ጋዝ ሌሊት ይጠረጋል። በቀን አንዴ አስገብቶ አንዴ የሚያስወጣ ወናፍ በሉት።

ይህን ለምስጥ ሁሉ ማልበስ ግን አይቻልም። ተርነር ዋናው ነፋስ ነው ይላል፤ የሕንዶቹ ደግሞ ሌላ ዝርያ ናቸው። ቦረና ላይ ከሰው ቁመት በላይ የቆሙት፣ አናታቸው የተከፈተውስ? ሌላ ቤት ነው።

እንዲህ ተፈጥሮን አይቶ የመሥራቱን ሙያ ባዮሚሚክሪ ይሉታል። «ከተፈጥሮ መኮረጅ» ልለው ነበር፤ ኩረጃ እኛ ዘንድ ከፈተና የሚያስባርር ነገር ሆነና ተውኩት። ደግሞም ኢስትጌት ከተሳሳተ ደብተር ተኮርጆ ልክ የመጣ መልስ ነው።

ልጆች ሳለን ኩይሳ በዱላ እንበሳ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሠራተኞቹ እርጥብ ጭቃ በአፋቸው ይዘው ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ቀዳዳውን ከዳር ዳር እያጠበቡ ይደፍኑታል። የኢስትጌት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግንበኛ መጥራት ነው።