ከኤሊፕቲካል ማሽን ጋር መላመድ፦ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ እንቅስቃሴ ለሚጀምሩ ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ዜጎች በጤና ተቋማት ክትትል ሲያደርጉ በተደጋጋሚ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ የሰውነት እንቅስቃሴን ማዘውተር ነው። ጉልበታቸው ሩጫን ለማይችልላቸው ሰዎች በስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መሣሪያ ደግሞ ኤሊፕቲካል ይባላል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ገና በሦስተኛውና በአራተኛው ደቂቃ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ጭኑ ሊቃጠልና እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። በዚህም ምክንያት «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መተው ያጋጥማል።

የዚህ ማብራሪያ ዓላማ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካም የልምምድ ምዕራፍ እንጂ ያለመቻል ምልክት አለመሆኑን ማስገንዘብ፣ ልምምዱን በደረጃ ማከናወን የሚቻልበትን መንገድ ማሳየትና ከተለመደው ድካም የሚለዩትን የአደጋ ምልክቶች ማሳወቅ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍተኛና ቀዝቃዛ ቦታ ለሚኖሩ ወይም ወደዚያ በቅርቡ ለመጡ ሰዎች ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል።

እንቅስቃሴ ለምን አስፈለገ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያከናውኑ ይመክራል። አንድ የገጠር አርሶ አደር ይህንን መጠን በዕለት ሥራው ብቻ ሊያልፈው ይችላል። በከተማ የሚኖር ሰው ሁኔታ ግን ይለያል። ደብረ ብርሃን ከቀድሞው የብርድ ልብስ ፋብሪካ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ የብዙ ሠራተኞች መኖሪያ ሆናለች። በስፌት መኪና ፊት ወይም በቢሮ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ወደ ቤቱም በባጃጅ የሚመለስ ሰው እንቅስቃሴን ሆን ብሎ ካልፈለገው በስተቀር አያገኘውም።

የደም ግፊት ለዓመታት ምንም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ሊጎዳ የሚችል ሕመም ነው። መደበኛ እንቅስቃሴ ግፊቱን ለመቀነስና የደም ስኳርን ለማስተካከል ያግዛል። ነገር ግን በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። እንቅስቃሴ በመጀመርዎ ምክንያት መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ኤሊፕቲካል ሁለት የእግር መርገጫዎችና ሁለት ተንቀሳቃሽ የእጅ መያዣዎች ያሉት መሣሪያ ነው። ስያሜውን ያገኘው እግር ክብ ሳይሆን ሞላላ መስመር ተከትሎ ስለሚሽከረከር ነው። መሣሪያው በገበያ ላይ በስፋት መታወቅ የጀመረው ፕሪኮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ምርቱን ካቀረበ በኋላ ነው።

ዋናው ጥቅሙ እግር ከመርገጫው የማይነሣ መሆኑ ነው። በሩጫ ጊዜ እግር ከመሬት ተነሥቶ በወረደ ቁጥር የሰውነት ክብደት በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በዳሌ ላይ ያርፋል። በኤሊፕቲካል ላይ ይህ ምት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ልብና ሳንባ ግን በሚገባ ይሠራሉ። እጅና እግር በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱም ብዙ ጡንቻዎች በአንድነት ኦክስጅን ይፈልጋሉ። በእግር ጉዞ የማይደክም ሰው በዚህ መሣሪያ ላይ ቶሎ የሚደክመው ሰውነቱ ይህንን አዲስ ቅንጅት ገና ስላልተማረው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም አስም ያለብዎ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመም ተሰምቶዎት የሚያውቅ ከሆነ አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ምንም ሕመም የሌለብዎ ቢመስልዎትም ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ካላደረጉ የደም ግፊትዎን ማስለካት ይገባል። በዕረፍት ላይ ሳሉ የተለካው ግፊት 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ልምምዱን አይጀምሩ፤ በቅድሚያ ሕክምና ያግኙ።

ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን የሚቀንስ እንክብል የሚወስዱ ሰዎች ከልምምዱ በፊት ስኳራቸውን እንዲለኩ ይመከራል። ልኬቱ ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ቀለል ያለ ምግብ መውሰድ ያስፈልጋል። ስኳር ወይም ከረሜላ ከአጠገብ ማስቀመጥ፣ ከልምምዱ በኋላም እግርን ለቁስልና ለመላላጥ መመርመር ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀን ዓላማ መሣሪያውን ማወቅ ብቻ ነው። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ።

1. ጠፍጣፋና የማያንሸራትት የስፖርት ጫማ ያድርጉ። ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ረጅም ቀሚስ በመርገጫው ሊያዝ ስለሚችል በልብስዎ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር።

2. የማይንቀሳቀሰውን መያዣ በሁለት እጅ ይያዙ፤ ከዚያ በቅድሚያ ዝቅ ያለውን መርገጫ ይርገጡና ሌላውን እግር ያስከትሉ።

3. የመርገጫውን ክብደት የሚወስነውን ቁጥር ዝቅተኛው ላይ ያድርጉ። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መርገጫው ከቁጥጥር ውጭ የሚፈጥንብዎ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ያድርጉት።

4. ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ዓይንዎ ወደ ፊት ይመልከት፤ ጉልበትዎን በትንሹ ያላሉ። ተረከዝዎ ከመርገጫው ብዙ እንዳይነሣ ይጠንቀቁ። በመያዣው ላይ መደገፍ ሥራውን ከእግር ይቀንሳል፤ ወገብንም ያሳምማል።

5. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ይርገጡ። ሚዛንዎን ካገኙ በኋላ ብቻ ተንቀሳቃሹን መያዣ ይጠቀሙ።

6. ለመጨረስ ፍጥነትዎን ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ቀስ በቀስ ይቀንሱ። በድንገት ማቆም ሊያዞርዎ ይችላል። መርገጫው እርስዎ ቢያቆሙም ጥቂት ሊሽከረከር ስለሚችል ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ አይውረዱ።

የስምንት ሳምንት የመላመጃ ዕቅድ

ቀጥሎ የቀረበው ዕቅድ ለአብዛኛው ጀማሪ የሚያገለግል ሲሆን በጤና ባለሙያ የተሰጠ የተለየ ምክር ካለ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ።

በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት፦ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ።

በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት፦ በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ።

በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት፦ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ ወደ 30 ደቂቃ ማሳደግ። አምስት ቀን በ30 ደቂቃ ሲባዛ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም የተመከረው ዝቅተኛ መጠን ነው።

በመጀመሪያ የሚጨምረው ደቂቃው፣ ቀጥሎም የመርገጫው ክብደት ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። አንድ ደረጃ ከከበደዎት ያንኑ ሳምንት መድገም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ሠላሳውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻሉ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ አድርጎ መክፈል ይቻላል።

መጠኑን ለመለካት ቀላሉ ዘዴ ንግግር ነው። እየረገጡ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የሚችሉ፣ መዘመር ግን የማይችሉ ከሆነ እንቅስቃሴዎ መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃላት በላይ ለመናገር ትንፋሽ ካጠረዎት ፍጥነትዎን ይቀንሱ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ፣ የሚወስዷቸው ሰዎች በመሣሪያው ላይ ከሚታየው የልብ ምት ቁጥር ይልቅ ይህንን ዘዴ ቢጠቀሙ ይሻላል። ማሽኑ «ተቃጠለ» ብሎ የሚያሳየው የካሎሪ መጠንም ግምት ብቻ በመሆኑ የምግብ መጠንን በእርሱ መወሰን አይገባም።

ከፍታና ብርድ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ቦታ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአፋር ወይም ከሌላ ቆላማ አካባቢ ለሥራ ወይም ለትምህርት የመጣ ሰው ቀድሞ በቀላሉ ያደርገው የነበረው እንቅስቃሴ ልቡን በፍጥነት ቢያስመታው ሊደነግጥ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ፍጥነትንም ጊዜንም ቀንሶ መጀመር ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለ እስኪሻልዎ ድረስ ልምምዱን ያቆዩ።

ከፍታው ለለመደው ሰው ግን ዕንቅፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቪያ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውና በ2006 እና በ2007 የበርሊን ማራቶንን ያሸነፈችው ጌጤ ዋሚ የተወለደችው በዚሁ አካባቢ በጫጫ ነው። ሰውነት ጊዜ ከተሰጠው ከከፍታው ጋር ይስማማል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱና ማለዳው ውርጭ ይበዛበታል። ብርድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ አስም ያለበትን ሰውም ሊያስነሣበት ይችላል። ስለዚህ የልብ፣ የግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ቢመርጡ፣ ሁሉም ቢሆን የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ለማሟሟቂያ ቢያውሉት ይመረጣል። በላብ እንደራሱ ወደ ብርድ መውጣትም አይመከርም፤ ደረቅ ልብስ ይያዙ።

በጾም ወቅት

በጾም ላይ ያለ ሰው ልምምዱን ከማፍጠሪያው ሰዓት በፊት ባለው አጭር ጊዜ በቀላሉ ማድረግ ወይም ከበላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ማከናወን ይችላል። ሰዓቱን ማሳጠርና የመርገጫውን ክብደት ዝቅ ማድረግ፣ ከጾም በኋላም በቂ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን ሳይበሉ ይህንን ልምምድ ማድረግ የለባቸውም፤ ከጾሙ በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የጣት መደንዘዝ፦ እግር ከመርገጫው ስለማይነሣ ክብደቱ በአንድ ቦታ ላይ ይበረታል። የጫማ ማሰሪያን ማላላት፣ ክብደትን ወደ ተረከዝ መለስ ማድረግና በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ማረፍ ይረዳል።

የጭን መቃጠልና በማግስቱ የጡንቻ ሕመም፦ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የሚጠበቅ ነው። በመካከሉ በእግር መንሸራሸር ይጠቅማል።

የጉልበት ሕመም፦ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ ከእግር ጣቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ክብደቱንም ይቀንሱ። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ሕመሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ ይታከሙ።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ፦ አንዳንዶቹ ማሽኖች ከረጋጩ ጉልበት የራሳቸውን ኃይል የሚያመነጩ ሲሆን ሌሎቹ በመብራት ይሠራሉ። በመብራት የሚሠራው ኃይል ሲቋረጥ የመርገጫው ክብደት በድንገት ሊለወጥ ስለሚችል የማይንቀሳቀሰውን መያዣ ይዘው በዝግታ ያቁሙ።

ወዲያውኑ የሚያስቆሙ ምልክቶች

የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ፤ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ በዕረፍት የማይሻል የትንፋሽ ማጠር፤ ራስን መሳት፤ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፤ እንዲሁም የተዘበራረቀ የልብ ምት ከታየ ልምምዱን አቁመው ያለመዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና ግራ መጋባት በስኳር ታካሚ ላይ ከታየ የደም ስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል ስኳር ያለው ነገር ወዲያውኑ ይስጡት፤ ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም አይስጡ።

ማሽን በሌለበት

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኙ አካባቢዎች ኤሊፕቲካል ማግኘት ላይቻል ይችላል። የመሣሪያው አለመኖር ግን እንቅስቃሴን አያስቀርም። የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ አንኮበር በተራራማ ገጽታዋ ትታወቃለች። ዳገት መውጣት ልብንና ጭንን ልክ እንደ ኤሊፕቲካል ያሠራል፤ ለጉልበትም ከሩጫ ይልቅ ይቀላል። ጉልበትን የሚጎዳው በአብዛኛው ቁልቁለቱ በመሆኑ አጭር እርምጃ መራመድ፣ ምርኩዝ መያዝና በቀስታ መውረድ ይገባል። ከላይ የቀረበው የስምንት ሳምንት ዕቅድና የንግግር መለኪያ ለዳገት ጉዞም ያገለግላል።

አገልግሎቱን የት ያገኛሉ?

የደም ግፊትና የደም ስኳር ልኬት ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያዎን ይያዙ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ማቅረብና እንቅስቃሴ ለመጀመር ማሰብዎን መግለጽ ባለሙያው ተገቢውን ምክር እንዲሰጥዎ ያግዘዋል። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍልዎታል። ልምምዱን ከጀመሩ በኋላም በቀጠሮዎ ቀን የሠሩባቸውን ቀናትና ደቂቃዎች በወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ሐኪምዎ የግፊትዎን ወይም የስኳርዎን ለውጥ ከእንቅስቃሴው ጋር አገናዝቦ ሕክምናዎን ለማስተካከል ይችላል።