ተማሪን በጉልበት መያዝና ለብቻው መዝጋት በምን ይገታል?

እናቶችና አባቶች! ልጃችሁን ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትልኩ አደራ መስጠታችሁ ነው። አደራ የተቀበለው መምህር ልጁ ቢያስቸግረው ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ ማድረግ አይችልም? ዛሬ በአሜሪካ አገር የሆነውን አይተን እንማርበት። የአሜሪካው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በጉልበት መያዝ ማለት ልጁ እጁን፣ እግሩን ወይም ገላውን እንዳያንቀሳቅስ አድርጎ መጨበጥ ነው። ለብቻ መዝጋት ማለት ደግሞ ልጁን ብቻውን ክፍል አስገብቶ እንዳይወጣ መከልከል ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ሳንባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። ሲነፋና ሲሟሽሽ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ወናፍ ላይ ድንጋይ ቢጫን አይነፋም። ልጅም በሆዱ ተደፍቶ ጀርባው ላይ ሰው ከተጫነው ደረቱ አይነሣም። ትንፋሽ ያጥረዋል። ሊሞትም ይችላል። በዚህ ዓይነት የሞቱ ልጆች እንዳሉ የአሜሪካ መንግሥት መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ለምክር ቤቱ አስረድቷል።

ይህ የሚደርሰው በማን ላይ ነው? በ2017-18 የትምህርት ዘመን በዚያ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 102,000 ያህል ተማሪዎች በጉልበት ተይዘዋል ወይም ተዘግተዋል። ከመቶ ተማሪ አካል ጉዳተኞቹና የአእምሮ እክል ያለባቸው 13ቱ ብቻ ነበሩ። በጉልበት ከተያዙት ግን ከመቶው 80ዎቹ እነርሱ ነበሩ። ከነዚህ ልጆች መካከል አንደበት የሌላቸው አሉ። ማታ ቤት ገብተው የደረሰባቸውን አይናገሩም። ስለዚህ ሕግ ይናገርላቸው።

በኢሊኖይ ግዛት በ2019 ጋዜጠኞች የትምህርት ቤቶችን መዝገብ ገልጠው መረመሩ። ልጅ የተዘጋበት ጊዜ ከ20,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በግልጽ የተጻፈው 12,000 ያህሉ ነው። ከዚህም ውስጥ ከሢሶ በሚበልጠው፣ አደጋ ያሰጋ እንደነበረ አልተጻፈም። ጽሑፉ በወጣ ማግስት የግዛቱ ትምህርት ቦርድ ልጅን ብቻውን መዝጋት ከለከለ። ደንቡ በኋላ በከፊል ቢላላም በ2021 ጥብቅ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ! ይህ ሁሉ የታወቀው መዝገብ ስለነበረና የሚያነበው ሰው ስለተገኘ ነው።

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ካወጣው መመሪያ ዋና ዋናው ይህ ነው፦

1ኛ/ ልጅ በጉልበት የሚያዘው ራሱን ወይም ሌላውን ክፉኛ ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው። አደጋው ሲያልፍ ወዲያው ይለቀቃል።
2ኛ/ ለቅጣት ወይም ለመምህሩ ምቾት ተብሎ አይደረግም።
3ኛ/ ትንፋሽ የሚያግድ አያያዝ ፈጽሞ አይፈቀድም።
4ኛ/ ጠባቂው ዓይኑን ከልጁ ላይ አይነቅልም።
5ኛ/ ነገሩ በጽሑፍ ይመዘገባል፤ ለወላጅም ቶሎ ይነገራል።

መመሪያው ግን ምክር እንጂ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። ለመላው አገር የሚሆን ሕግ በ2010 በአንደኛው ምክር ቤት ቢያልፍም በሁለተኛው ቀረ። ስለዚህ ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

በእኛስ አገር? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ ናቸው ይላል። ነገር ግን የተጻፈ መብት የሚሠራው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። ያስቸገረ ልጅ ምን ይደረጋል? ፈቃጁ ማን ነው? የትስ ይመዘገባል? «መዝገቡን አምጡልን» በሉ። እናንተው ታነቡታላችሁ።